ላልቶ ይነበባል ወይስ ጠብቆ

ደሴ ላይ ፍልስፍና አስተምሮ መኖር ይቻላል፤ ፍልስፍና አስተማሪ መሆንን ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ቢልቂስ ሁለቱንም ስትሠራ አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። አዲስ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ምን ትሠሪያለሽ እቴ?» ይላታል። «ፍልስፍና አስተምራለሁ።» «እሱስ እሺ፤ ሥራሽን ነው የጠየቅሁሽ።» ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥላት ቡዜ ደግሞ፣ ቢልቂስ አንዱን ራስ አንሥታ አገላብጣ ስታየው «ኧረ አትፈላሰፊበት፣ ሽንኩርት ነው!» ብላ ትስቅባታለች። ቢልቂስም አብራ ትስቃለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ አላገባችም፣ ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። የምታስበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው።

እዚህ ሥራ ውስጥ የከተታት አንድ ሰው ነው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና መምህር ደምመላሽ። የኩታበር ሰው ነበሩ። ልጅነታቸውን በቤተ ክህነት ትምህርት አሳልፈው፣ ቅኔ ቤት ድረስ ዘልቀው፣ አንድ ቀን ሁሉንም ትተው ደሴ ገቡና የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ሆኑ። ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ «አለቀብኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ምኑ እንዳለቀባቸው የጠየቀ ሰው ደግሞ የለም፤ ፊታቸው አያስጠይቅም ነበር።

መምህር ደምመላሽ በዕድሜያቸው አንዲት አርባ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ ነው የጻፉት። በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዝተው፣ በካኪ ወረቀት ለብጠው ለወደዱት ሰው ሰጡ። ተማሪው «ካኪዋ» ይላት ነበር። ካኪዋ ሰውን አታሳርፍም። ደስታ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ይመጣል እንጂ አይከርምም ትላለች፤ ዓለም ባዶ ናት፣ ለማንም ምንም ቃል አልገባችም ትላለች፤ የሚያጽናናህ ሰው የራሱን ጭንቀት ነው የሚያባርረው ትላለች። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ ሁለት ቃላት አሉ። «ሰው ይረሳል።»

ቢልቂስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ አባቷ ሞተ። ለቀስተኛው ድንኳኑን ሞልቶት ሙስሊሙ «አብሽሪ»፣ ክርስቲያኑ «አይዞሽ» ይላታል፤ የሁሉም መጨረሻ ግን አንድ ነበር፤ «ይረሳል፣ ግዴለሽም ይረሳል»። መምህር ደምመላሽም መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡና ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «አይዞሽ አልልሽም» አሏት። «የደረሰብሽ ነገር ክፉ ነው። ክፉ አይደለም የሚልሽን አትስሚው።» ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያልዋሿት እሳቸው ብቻ መሰሏት። የዚያን ቀን ገና በደንብ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላም ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች።

ለዚህ ትወዳቸዋለች። የተቀየመችበትም አላት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፍልስፍና ልታጠና መሆኑን በደስታ ልትነግራቸው ስትሄድ «ምን ሊያደርግልሽ? ሳታውቂ የምትኖሪውን ኑሮ አውቀሽ ልትኖሪው?» ብለው ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። ያን ቀን እሳቸው ከሚኖሩበት ከሆጤ ሰፈር እስከ ቤቷ እንባዋን እየዋጠች ነው የሄደችው። ካደገችና ካስተማረች በኋላ ደግሞ ጽሑፋቸውን በሌላ ዓይን ታየው ጀመር። እዚህ ጋ መዝለል አለ፤ እዚህ ጋ አንድ ሰው ስለከፋው ብቻ ዓለም በሙሉ ተፈርዶባታል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ዓለም ባዶ ናት የሚለው ሰውዬ ሸሚዙን ማን እንደተኮሰለት አልጻፈም። ክፍል ውስጥ ግማሹን ሰዓት ትሟገታቸዋለች፣ ግማሹን ትጠቅሳቸዋለች። ከሞቱ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እሷ ግን ከእሳቸው ጋር ያላትን ጉዳይ አልጨረሰችም።

ስለ መጨረሻዋ ገጽ ግን ተጠራጥራ አታውቅም። አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላት አይታይም፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው። «ሰው ይረሳል» ላልቶ ሲነበብ ሰው ረሺ ነው፤ ቁልፉን ይጥላል፣ ቀጠሮ ያልፈዋል፣ ሐዘኑም ይወጣለታል። ጠብቆ ሲነበብ ግን ሰው ተረሺ ነው፤ ስሙም ሥራውም ከሌሎች ልብ ይወጣል። ካኪዋን የመሰለ ጨለማ የጻፈ ሰው መጨረሻው ላይ ስለ ጠፋ ቁልፍ አያወራም ብላ ቢልቂስ አጥብቃ አነበበችው። በዚሁ ተማምና የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሠራችበት። በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች፣ አጥብቃ ታነብላቸዋለች፣ ተማሪዎቹም ዝም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያንን ዝምታ ትወደው ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከኮምቦልቻ የወንድሟ ሚስት ሐዋ ደወለች።

ታናሽ ወንድሟ ሀፊዝ ጎሚስታ ነው፤ ጅቡቲ ደርሰው የሚመለሱትን ከባድ መኪኖች ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሲሸሽ እሱም ሐዋንና አንድ ልጁን ፋኢዛን ይዞ በእግሩ ወጣ። ፋኢዛ ስምንት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ቀን አተኮሳት። የደረሱበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ዝግ ነበር። በአምስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሞተች፣ እዚያው ቀበሯት። በዚያ ግርግር ስልኩም ጠፋ፤ ፎቶዋም፣ እየዘፈነች የቀረጸው ድምጿም አብሮ ሄደ። ሀፊዝ ተመልሶ ሱቁን ከፈተ፣ ጎማውንም መንፋት ቀጠለ። ሰውም «በረታ» አለ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው።

«እታለም፣ ፈራሁ» አለች ሐዋ።

«ምን ሆነ?»

«እህል ኸተወ ሰነበተ። ትላንት ደሞ ክሪኩንም ጎማ መፍቻውንም ሰብስቦ ለጎረቤታችን ለከሊድ ሰጠው። ‹ኸእንግዲህ አያስፈልገኝም› ሲለው ወላሂ በጆሮዬ ሰማሁ። አንዲት ወረቀት አለች፤ ኸትራሱ አትለይም። ኸሷ ጋር ነው የሚውል የሚያድረው።»

«የምን ወረቀት?»

«እኔ እንጃ። ላይዋ ቡናማ ነው። ለኢድ አንቺ ቤት የመጣን ጊዜ ነው ያመጣት።»

ቢልቂስ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዋ ዞረች። የካኪዋ ቦታ ክፍት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አላየችውም፤ በቃሏ ስለምታውቃት ፈልጋትም አታውቅም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁን መንገድ ላይ ቀብሮ ለመጣ ሰው፣ ልጅህም ከሰው ልብ ትወጣለች የሚል ወረቀት ከቤቷ ወጥቶለታል። «ሐዋ፣ ስሚኝ። ብቻውን አትተዪው፤ ለደቂቃም ቢሆን። ከሊድን ጥሪውና ይቀመጥ። ዛሬውኑ እመጣለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቀጥ ብሎ መናኸሪያ ይገባ ነበር። ቢልቂስ ግን ተከራክራ የምትረታበት ነገር ሳትይዝ የትም አትሄድም፤ በሽታዋ ነው። መንገዷን ቆልመም አድርጋ ሆጤ፣ የመምህር ደምመላሽ ባለቤት ወይዘሮ ሰርካዲስ ቤት ገባች። ሴትዮዋን በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ አገኘቻቸው። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ ጠየቀቻቸው።

«እትዬ ሰርካዲስ፣ የመምህር የመጨረሻዋ ገጽ፣ ‹ሰው ይረሳል› የምትለዋ… ሲያነቧት ሰምተው ያውቃሉ? ላልታ ነው ጠብቃ?»

ወይዘሮ ሰርካዲስ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው አዩአት። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ይችን ብለሽ ነው እንዲህ ፊትሽ ጠቁሮ የመጣሽው? ላልታ ናት እንጂ! የጨው ናታ!»

«የምን ጨው?»

«ጨው ግዛ ብዬ ሰኞ ገበያ ሰደድሁት። ኸማለዳ ወጥቶ ለምሳ ባዶ እጁን መጣ። ‹ጨውስ?› ብለው፣ ‹ምን ላድርግ ሰርኬ፣ ሰው ይረሳል› አይለኝ መሰለሽ! ተናደድሁ። ‹እንግዲያ እሷኑ ሂድና ጻፋት፣ ሌላ ምን ሥራ አለህ!› አልሁት። ገብቶ ጻፋት።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ዓለም ባዶ ናት ይላል፤ ወጡን ጨው ካነሰው ግን ሁለት ቀን ያኮርፋል። ደምመላሽ እንዲህ ነበር።»

ቢልቂስ ሳቋ መጣ፤ ንዴቷም አብሮ መጣ። ያ ሁሉ ምዕራፍ፣ ያ ሁሉ ዝም ያለ ክፍል፣ በአንድ ቁና ጨው! ልትነሣ ስትል ሴትዮዋ እጇን ያዙ።

«ሊሞት ሲል እጁን ይዤው ነበር። ‹እስቲ አንዲት ቀን እንኳ አይዞሽ በለኝ› ብዬ ለመንሁት። ‹ልዋሽሽ?› አለኝ። በቃ፣ በዚያው ሄደ።» ሰፌዱን አነሡ። «እስከዛሬ አልወጣልኝም ልጄ። ቢዋሸኝስ ምን ነበረበት?»

ቢልቂስ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ወጣች።

ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ሚኒባሱ በየጥምዝምዙ ሲያንገላታት ንግግሯን አዘጋጀች። አሁን መድኃኒት ይዛለች። የመጨረሻዋ ገጽ ስለምትረሳ ልጅ አይደለችም፤ ስለ ጨው ናት፤ ሰው ይረሳል፣ ሐዘንም ይወጣል ማለት ናት። መጀመሪያ የጨውን ነገር ትነግረዋለች፣ ይስቃል፤ ሲስቅ ትርጉሙን ታመጣለች። የደሴ ብርድ ከኋላ ቀርቶ የኮምቦልቻ ሙቀት በመስኮቱ ሲገባ ልቧን ትንሽ ቀለል አላት። ጥሩ መምህር እንደዚህ ነው፤ ለሚታከም ሰው ትምህርት ያዘጋጃል።

የሀፊዝ ሱቅ ቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ከሊድ ግቢው በር ላይ ተቀምጧል፤ ክሪኩ አጠገቡ አለ። «አልተጠቀምሁበትም» አላት ሳትጠይቀው። «አደራ ነው ብዬ ነው የተቀበልሁት።» ሐዋ ጓዳ በር ላይ ሆና በዓይኗ ወደ ውስጥ ጠቆመቻት።

ሀፊዝ ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጺሙ አድጎ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ እነዚያ ጎማ የሚያነሡ እጆቹ ጭኑ ላይ ተዘርግተዋል። ካኪዋ አጠገቡ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሐዋ ነች የጠራችሽ።»

ቢልቂስ ተቀመጠችና ጀመረች። የጨውን ነገር ነገረችው፤ የወይዘሮ ሰርካዲስን ሳቅ እንኳ አልተወችም። ሀፊዝ አልሳቀም። ቢሆንም ቀጠለች። «እና እኔ ነኝ የተሳሳትሁት ሀፊዝ። ያን ሁሉ ዓመት አጥብቄ አነበብኋት። ላልታ ናት። ሰው ይረሳል ነው የሚለው፤ ይወጣለታል ነው። አንተም…»

«እኔ መቼ አጥብቄ አነበብኋት?» አላት።

ቢልቂስ ካኪዋን አየቻት።

«ኸመጀመሪያውም ላልታ ነው ያነበብኋት። እሱ ነው የጨረሰኝ፣ እታለም።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ አልተቆጣም። «ድምጿ ጠፋኝ። ረመዳን ላይ ነው ያወቅሁት። መልኳን አያለሁ፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። አንድ ቀን ሙሉ ፈለግሁት። ስልኩ የለ። ልጁን የሚረሳ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዴ መንገድ ላይ ቀበርኋት፤ አሁን ደሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እዚህ እቀብራታለሁ።» ደረቱን ነካ። «ጨርሼ ሳልረሳት ብሄድ አይሻልም?»

ቢልቂስ የአባቷ ለቅሶ ድንኳን ትዝ አላት። «ይረሳል፣ ግዴለሽም ይረሳል» የሚለው ያ ሁሉ ሰው። እሷም ይኸው ሐረጎን ወርዳ ያንኑ ቃል ለወንድሟ አመጣችለት፤ ልዩነቱ የሷ በሰዋስው የተደገፈ መሆኑ ነው። አፈረች። «አብሽር» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፣ መለሰችው። ከንፈሯን ነከሰች።

«ክፉ ነው» አለች በመጨረሻ። «የደረሰብህ ክፉ ነው ሀፊዝ። መርሳቱም ክፉ ነው። ክፉ አይደለም አልልህም።»

ሀፊዝ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ። ቃሉ የመምህር ደምመላሽ ነው፤ ስትናገረው ድምፃቸው ሁሉ ተሰማት፣ አመሰገነቻቸውም። እሳቸው ግን እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው ባርኔጣቸውን አንሥተው የሄዱት። ቢልቂስ አልተነሣችም። ሰውዬው ምን እንደጎደላቸው ያን ጊዜ ገባት። «ሰው» ብለው ሲጽፉ አንድ ሰው ነበር በዓይናቸው ላይ ያለው፤ ብቻውን። እጃቸውን የያዘችውን ሴት እንኳ አልቆጠሯትም።

«ላልቶና ጠብቆ ሲባል ምንም ትዝ አይልህም?» አለችው።

«ምን?»

«የአረፋ ዋዜማ። በጉ ቧንቧው ጋ ታስሯል። ፋኢዛ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፏን ይዛ ታነብልኛለች። ‹በጉ ሣር ይበላል› ይላል። እሷ አጥብቃ አነበበችው። ‹አላልተሽ አንብቢ፣ በጉ በላተኛ ነው እንጂ ምግብ አይደለም› አልኋት። መጽሐፏን አጠፈች። ዞራ በጉን አየችው። ከዚያ ምን አለችኝ? ‹አክስቴ፣ ይበላላ! ነገ አረፋ አይደል?›»

ሀፊዝ ቅንድቡን ሰበሰበ። «እኔ አልነበርሁም?»

«ሱቅ ነበርህ። ስትመጣ ነገርንህ። እዚያ ምሰሶው ላይ ተደግፈህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። ሦስቱንም የአረፋ ቀን ለመጣው እንግዳ ሁሉ አስደገምካት።»

«ረሳሁት» አለ። «አየሽ? ይኸው ረሳሁት።»

«አዎ፣ ረስተኸዋል። እኔ አልረሳሁትም። እኔ የረሳሁትን ደግሞ ሌላ ሰው ይዞታል። ያንተ ብቻ አልነበረችም እኮ ሀፊዝ፤ ለምን ብቻህን ትሸከማታለህ?» ድምጿ ቁጣ ነበረበት፤ በሱ ይሁን በመምህሯ ወይም በራሷ ለይታ አላወቀችም።

ሀፊዝ ወደ እሷ ዞረ። «ድገሚልኝ» አላት።

«‹ይበላላ! ነገ አረፋ አይደል?›»

«እንደገና።»

ደገመችለት። ሀፊዝ ከግድግዳው ተላቀቀና ቀና ብሎ ተቀመጠ። አንገቱን ጠመም አድርጎ፣ የሆነ ነገር ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ሆነ።

«እንደሱ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«አባባሉ። አንቺ ቶሎ ትዪዋለሽ። ‹ላ›ዋን ትስባት ነበር። አገጯን እንዲህ ታደርግና… ቆይ።» ሞከረው። ጎርነን ያለ የራሱ ድምፅ ወጣ። ጉሮሮውን ጠርጎ አገጩን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ከዚያ ሁሉ ጺም ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ደፋር፣ ሞልቃቃ ድምፅ ወጣ። «ይበላላላ! ነገ አረፋ አይደል?»

ቢልቂስ አፏን በእጇ ያዘች። ድምፁ ያው የፋኢዛ ነበር።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ሐዋ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱን አላየቻቸውም። ዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ሆኖ፣ ክፍሉን ይፈልጋል።

«ማናት?» አለች።

ሀፊዝ ካኪዋን ከአጠገቡ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት። እንባው ጺሙ ውስጥ እየገባ ነበር።

«ነይ ሐዋ» አላት፤ «ነይ ቁጭ በይ። አንቺ ዘንድ ያለውንም ንገሪኝ።»